ዋጋ የሌለው

ጸሐፊው እኔ ነኝ፤ ያን ሰማያዊ መዝገብ
በብብቴ ይዤ፣ በሐምሌ ዝናብ፣
ከሂርማታ ሽቅብ ጭቃውን የወጣሁ፣
ከባላባቱ ደጅ ከሰባት ጋር የመጣሁ።
ሃያ ሁለት ዓመቴ፤ እጅ ጽሑፌ ያማረ፣
ስለ አራሹ መሬት ብዙ የተማረ፣
ግን ሞፈር ጨብጦ ትልም ያልጀመረ።

ቀኛዝማች ገለታ በረንዳው ላይ ቆመው
ቁልፉን ዘረጉልን ባንድ ቀለበት አስረው።
«ቡላው ይደነብራል፤ ስትስቡት ቀስ በሉ፤
ሰው ሲጮህ አይወድም።» ይህን ብቻ አሉ።
ስድብ ጠብቀን ነበር፣ እርግማን፣ ጥይት፤
ለፈረስ ሲያዝኑ ግን ጠፋብን ጉልበት።

ቆጠርኩ። አራት በቅሎ፣ ከነኮርቻቸው።
የቡና ማድረቂያ፣ ሠላሳ አልጋቸው።
ጎተራ ሦስት፤ አንዱን አይጥ በልቶታል።
የግድግዳ ሰዓት፤ ስምንት ላይ ቆሟል።
የሚስታቸው ነጠላ ከሣጥኑ ሲነሣ
የሟቿ ሽቱ አብሮ በቤቱ ተነሣ፤
ቀኛዝማች ወደ አጥሩ ፊታቸውን አዞሩ።

ከራስጌያቸው መጽሐፍ አገኘሁ።
በኦሮምኛ ነው፤ ጥግ ጥጉ ተበልቷል፤
ኅዳጉ ላይ ልደት፣ ሞት፣ ብድር ተጽፏል፤
«አባቴ በዚህ አመነ» የሚልም ይታያል።
ሊቀመንበሩ ዞሮ «ምንድን ነው እሱ?» አለ።
ቀኛዝማች አዩኝ። አንድ ቃል አልወጣቸው፤
አንዴ ብቻ፣ አንዴ፣ ረገበ ዓይናቸው።
ጻፍኩ፦ «አንድ አሮጌ መጽሐፍ፤ ዋጋ የሌለው።»
ዋጋ የሌለውን መንግሥት አይወርስምና
እሱ ብቻ ቀረ።

ምሕረት ነበር ወይ? የሚሉኝ አሉ። አላውቅም።
ያኔ የእውነት ዋጋ የለው መስሎኝም ይሆናል።

ከዚያም በፊት ቢሆን ቤታቸው ሙሉ አልነበረ፤
አባት እምነት ቢለውጥ ዘመድ በሩን ቀየረ።
ጅማ ላይ በዓል ሲሆን ቢላዋም ወገን አለው፤
የእስላም ለእስላሙ፣ የክርስቲያን ለክርስቲያን ነው፤
የቀኛዝማችን በሬ ማን ባርኮ ማን ይብላው?
«ጸረ ማርያም» ይላቸው የነበረው ጎረቤት
ያን ሳምንት «አድኃሪ» አላቸው፤
ስድቡ በአዋጅ ታደሰ።
የጸሎት ቤታቸው የቀበሌ መጋዘን ሆነ።
በተንበረከኩበት ወለል ለሳሙና ተሰለፉ፤
ቁጥራቸው ሰማንያ አንድ፤ የጠራሁት እኔ።

ከዓመታት በኋላ፣ ከአዌቱ ድልድይ ማዶ፣
መሮና መጥረቢያ ይዘው አየኋቸው።
ከአንድ የዋንዛ ግንድ፣ ያለ ሙጫ፣ ያለ ምስማር፣
ባለ ሦስት እግር በርጩማ ይፈለፍላሉ፤
ሦስት እግር ነውና ወጣ ገባ መሬት አያነቃንቀውም።
«ድሮ ስሜ ሲጠራ ሰው ይነሣ ነበር፤
ዛሬ ሰው አስቀምጣለሁ» ብለው ሳቁ፤
መሮው ግን አልቆመም።
«ስንት ነው?» አልኩ።
«አራት ብር።»
አራት ብር ከፈልኩ። ስሙኒ አልቀነሱልኝ።
ደስ አለኝ፤ በርካሽ ይቅር ቢሉኝ ኖሮ
ምን ላይ እቀመጥ ነበር?

ሲሞቱ፣ አሥራ አምስት ጋሻ የነበራቸው ሰው
አራት ክንድ አፈር ጠፋላቸው።
ደብሩ «የእኛ አይደሉም» አለ፤ መስጊዱም የእሱ አልነበሩ፤
በእምነት የሚመስሏቸው የመቃብር ቦታ አልነበራቸው።
ሬሳው ዝናብ ሲሰማ አደረ።
ጎሕ ሲቀድ ነዚፍ አባ መጫ መጣ፣ የጥንት ጭሰኛቸው፦
«መሬቱን በገመድ ለክተህ የሰጠኸኝ አንተ ነህ፤
ና፣ ደግሞ ለክተህ ቀንስልኝ፤
ከማሳዬ ጫፍ፣ ከኮኩ ሥር።»

ለካሁ። አራት በሁለት። መዝገብ አልያዝኩም።
ሰው ሲበተን ልጃቸው ሌንሴ ያን መጽሐፍ ዘረጋችልኝ፤
«ጽሕፈቱ ያምራል ይሉ ነበር» አለች።
ኅዳጉ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር።
ስማቸውን ጻፍኩ። ቀኑን ጻፍኩ።
ሌላም የሚጻፍ ነገር ያለ መሰለኝ፤
ዝናቡ ጀመረ፤
ገጹን በእጄ ከደንኩት።